ቶሩላታን ምን አሳቃት?

ቶሩላታ ማይቲ በሃውራ ድልድይ ሥር ባለው የአበባ ገበያ መደብ ይዛ መቀመጥ የጀመረችው ገና የሙሽርነት ወዟ ሳይጠፋ ነበር። ባሏ ኒታይ ኮላጋት አካባቢ፣ ከሩፕናራያን ወንዝ ዳር በተከራየው ማሳ ላይ ጌንዳ የሚባለውን ብርቱካንማ አበባ ያበቅላል። እሷ ደግሞ አበባውን በክር እየሰካች ጉንጉን ትሠራና ጎህ ሲቀድ በሚያልፈው ባቡር ይዛው ኮልካታ ትገባለች። ሥራውን እንዲህ ተካፍለው ሴት ልጅ አሳደጉ፣ ዳሩ፣ በሁለቱም ራስ ላይ ሽበት ጣል ጣል አለ። ኒታይ ከማሳው እምብዛም ርቆ አይሄድም፤ ከተማውን ካየ ቆይቷል። ሚስቱ እዚያ ምን እንደምትውል ጠይቆ አያውቅም። ባዶ ቅርጫት ይዛ ከተመለሰች ቀኑ ጥሩ ነበር ማለት ነው፣ በቃ።

ቶሩላታ ዝምተኛ ናት። የፊት ጥርሶቿ ትንሽ ተደራርበዋል። ባል ቤት በገባች ሰሞን አማቷ፣ ክፋት አስበው ሳይሆን፣ «ልጄ፣ ስትስቂ የሳሪሽን ጫፍ አፍሽ ላይ ጣል አድርጊበት» ብለዋት ነበር። አማቷ ከሞቱ ቆዩ፤ ምክራቸው ግን እጇ ላይ ቀረ። የሚያስቅ ነገር ሲመጣ እጇ ከእሷ ቀድሞ ወደ አፏ ይሄዳል። ከጎኗ ቱበሮዝ የሚባለውን ነጭ አበባ የምትሸጠው ሺፕራ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናትና፣ «ይቺ ሴትዮ ጥርሷን ለማን ነው የምታስቀምጠው? ለዳግም ጋብቻ ነው?» እያለች ትቀልድባታለች።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ በብርዱ ወራት፣ ካሜራ የተሸከሙ ፈረንጆች መጥተው ገበያው ውስጥ ሰነበቱ። መጀመሪያ ሰሞን ነጋዴው ሁሉ ፀጉሩን እያበጠረ፣ ንጹሕ ሸሚዝ እየለበሰ ይመጣ ነበር። ሲውል ሲያድር ለመዳቸው። ተሸካሚዎቹ እንዲያውም «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያሉ በጭነታቸው ይገፏቸው ጀመር። ቶሩላታ አንድም ቀን አላናገረቻቸውም፣ አንድም ቀን አላናገሯትም። ከዚያ ሄዱ። እሷም ረሳቻቸው።

ብዙ ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ማሳ ውስጥ አጎንብሳ አበባ ስትለቅም ስልኳ ጮኸ። ኡሉቤሪያ በምትባል ከተማ አግብታ የምትኖረው ልጇ ሚቱ ናት።

«እማ! የት ነሽ?»

«የት እሆናለሁ፤ ማሳ ላይ ነኛ።»

«ግድግዳ ላይ ነሽ!»

«ምን ትላለች ይቺ? ትኩሳት አለሽ እንዴ?»

«እማ፣ በአምላክ ስም፣ ከተማ ውስጥ በየግድግዳው ላይ ነሽ! የፈረንጆቹ ፊልም አውሮፓ ሄዶ ትልቅ ሽልማት አግኝቶ፣ አሁን እዚህ ሊታይ ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ። ባሌ መጀመሪያ አላወቀሽም፤ እኔ ነኝ ያወቅሁሽ። ያውም በጉትቻሽ።»

ቶሩላታ «በይ እሺ፣ ፀሐይ ሳይጠልቅ ልልቀምበት» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ወሬው ግን ከእሷ ቀድሞ መንደር ገባ። የማዳበሪያ ሱቅ ያለው ጎረቤታቸው ፓንቹ፣ መንደሩ ውስጥ ትልቁን ስልክ የያዘ እሱ ነውና፣ ሥዕሉን ፈልጎ አግኝቶ ጓሯቸው ድረስ እየሮጠ መጣ።

«ኒታይ ዳዳ፣ ወንድሜ! ና ሚስትህን እያት!»

ኒታይ እጁን በሽርጡ ጠራርጎ ስልኩን ተቀበለ። ሥዕሉ ላይ አንዲት ሴት በአበባ ጉንጉን ክምር መካከል ተቀምጣለች። ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አፏን ከፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና ትስቃለች። እጇ አፏ ላይ የለም፤ ሁለቱም እጆቿ በአየር ላይ ተዘርግተዋል። የተደራረቡት ጥርሶቿ ብርሃን አርፎባቸዋል።

ኒታይ ብዙ አየ። ስልኩ ሲጠፋበት ፓንቹ እንደገና አበራለት፤ እንደገና አየ።

«ይቺ ማናት?» አለ በመጨረሻ።

«እንዴ! ማናት ትላለህ? አብረሃት አርጅተህ!»

ኒታይ ዞር ብሎ ሚስቱን አያት። ቶሩላታ በሩ ላይ ቆማለች። ባሏን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ እሱም እንደዚያው፤ በልጃቸው ስም ነው የሚጠራሩት።

«የሚቱ እናት» አላት፣ «ምን አሳቀሽ?»

ተጠግታ አየች። ጉትቻው የራሷ ነው። ሳሪው የራሷ ነው፤ በስተኋላ ቀዳደው የትራስ ልብስ አድርገውታል። ፊቱን ግን እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። በቤታቸው ያለችው መስታወት ትንሽ ናት፤ ሰውም በመስታወት ፊት እንዲህ አይስቅም።

«እኔ እንጃ» አለች።

«እንዴት እንጃ ይባላል? እንዲህ ስቀሽ?»

«እንጃ አልኩህ የሚቱ አባት። አላስታውስም።»

የመንደሩ ሰው ለጉድ ይጎርፍ ጀመር። አንዷ «ስንት ሰጡሽ?» ትላለች፤ «ምንም» ስትባል ዓይኗን አጥብባ ትወጣለች። ሌላው «ተዋናይት ሆንሽ አሉ» ይላል። ፓንቹ ደግሞ የፊልሙን ታሪክ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ለመጣው ሁሉ ይተርካል። አንድ ልጅ ነው፤ ሕፃን ሳለ እናቱ በሕዝብ መካከል ጠፍታበታለች። አድጎ፣ ሀገር ለሀገር ዞሮ ተመልሶ፣ አንድ ጧት በድልድዩ ላይ ሲሄድ ቁልቁል ያያል። አንዲት ሴት ትስቃለች። እናቴ ናት ብሎ ደረጃውን እየዘለለ ይወርዳል፤ ሲደርስ ግን የለችም። አለቀ። «ፈረንጆቹ ይሄን ሲያዩ በእንባ ታጠቡ አሉ» ይላል ፓንቹ።

ሚቱ በስልክ «እማ፣ ስትስቂ ለምንድነው የሚያለቅሱት?» ብላ ጠየቀች። ቶሩላታ ራሷ መልሳ ልትጠይቃት የፈለገችው እሱኑ ነበር።

ኒታይ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር፤ የባል ቁጣ መያዣው አይጠፋትም። እሱ ግን ሩዙን እየበላ ድንገት ቀና ብሎ ያያታል፤ ማሳው ላይ ውሃ እያጠጣ ቀና ብሎ ያያታል። አንድ ጊዜ «እኔ ጋ እንዲህ ስቀሽ ታውቂያለሽ?» አላት። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ብቻሽን ነበርሽ ወይስ ሰው ነበር?» አለ። እሷም ልታስታውስ ብዙ ደከመች። ባቡር ውስጥ ተቀምጣ ያን የብርድ ወር ታበጥረዋለች። የትኛው ጧት ነበር? ከፊቷ ላይ ካለው ብርሃን ማለዳ መሆኑን ታውቃለች። ከዚያ ወዲያ ግን የገበያው ጧት ሁሉ አንድ ነው፤ ጩኸት፣ ጭቃ፣ ውሃ የተረጨበት አበባ።

አንድ ቀን ኒታይ ከእሷ ቀድሞ ተነሥቶ፣ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ ትልቁን ቅርጫት በራሱ ላይ አደረገ።

«ወዴት ነው?»

«ገበያ።»

«ማሳውስ?»

«ማሳው የት ይሄዳል?»

ገበያ ሲደርሱ ሺፕራ ከሩቅ አይታው እጇን አጨበጨበች። «አያችሁ! ባልየው መጡ! ሚስትየው ስመ ጥር ስትሆን ባል እግር ያወጣል! ቁጭ ይበሉ፣ ሻይ ይምጣልዎት!»

ኒታይ በሸክላ ስኒ የቀረበለትን ሻይ ይዞ፣ ሳይቀምሰው፣ በቀጥታ ጠየቃት። «ሺፕራ ዲዲ፣ እህቴ፣ ሚስቴ ምን አይታ ነው የሳቀችው?»

«ይሄ ደግሞ ምን ይጠየቃል? የኮርማው ቀን ነዋ!» አለች ሺፕራ። «ያ የቤተ መቅደሱ ካህን፣ ለአምላክ ነው ብሎ ነጋዴውን ሁሉ አዋርዶ፣ ዋጋ አስቀንሶ የገዛውን ጉንጉን አንገቱ ላይ አጥልቆ ሲንጎራደድ፣ ገበያው ውስጥ የሚዞረው ኮርማ ከኋላው መጥቶ ይበላበት ጀመር። ካህኑ ወደፊት፣ ኮርማው ወደኋላ! ገበያው በሙሉ ሞተ በሳቅ!»

«እሱ የሆነው በዝናብ ነው» አለ ሻይ ሻጩ ሃራዶን ጣልቃ ገብቶ። «ፈረንጆቹ የመጡት በብርድ ነው። እሷን ያሳቃት የአበባ ነጋዴው የቢሹ ሚዛን ወንዝ ውስጥ ሲገባ ነው። ‹ሚዛኔ! ሚዛኔ!› እያለ ከነልብሱ ዘሎ ገብቶ፣ የሰው ጫማ ይዞ ወጣ።»

«ውሸታም! ያን ቀን እሷ አልመጣችም፤ ታማ ነበር!»

«መጥታለች!»

ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ኒታይ ሚስቱን ያያታል። ቶሩላታ የኮርማውንም የሚዛኑንም ነገር ታስታውሳለች። ግን ሁለቱም ላይ ራሷን ስትስቅ አታያትም። ሰዎቹ ሲስቁ ታያለች፤ እሷ የቆመችበት ቦታ ባዶ ነው።

ይሄኔ ከቢሃር የመጣው ሽማግሌ ተሸካሚ ራምሱራት ጭነቱን አውርዶ፣ ላቡን እየጠረገ ቀረበ። «እናንተ አታውቁም» አለ። «እኔ ከፊቷ ቆሜ ነበር። ያሳቃት እሳቸው ናቸው» ብሎ ወደ ኒታይ ጠቆመ።

«እኔ?» አለ ኒታይ። «እኔ መቼ እዚህ መጥቼ?»

«የኩሬውን ነገር እያወራችልን ነበራ! በዝናብ ጃንጥላ ይዘው በኩሬው ዳር ሲሄዱ አዳልጦዎት፣ እርስዎ ከነሙሉ አካልዎ ውሃ ውስጥ ጠፍተው ጃንጥላው ብቻ እንደተዘረጋ ከላይ ሲዞር...» ራምሱራት በእጁ ጃንጥላውን አዞረ። ሺፕራ በሳቅ ፍርፍር አለች። ሃራዶን ማንቆርቆሪያውን አስቀምጦ ሳቀ።

የኒታይ አንገት ቀላ። ነገሩ እውነት ነው። ገና የተጋቡ ሰሞን ደርሶበታል። ግን እዚህ፣ በዚህ ሁሉ ሰው መካከል ምን ይሠራል?

«ማን ነገረህ?»

«እሷ ናታ!»

«እኔ?» አለች ቶሩላታ። «እኔ መቼ ነገርኩህ?»

«ኧረ ነግረሻል!» አለች ሺፕራ። «ለእኔም ነግረሽኛል፤ ጃንጥላው ጥቁር እንደነበረ ሁሉ!»

«ላንቺ ነግሬሽ ይሆናል። ለእሱ ግን...» ቶሩላታ ንግግሯን ሳትጨርስ ተወችው። ነግራው ይሆናል። አልነገረችውም ይሆናል። ሰው ሁሉ ስለ እሷ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ መሰላት፤ ደግሞ አንዱ ከሌላው ጋር አይገጥምም።

ወደ ቤት ሲመለሱ በሴቶቹ ፉርጎ ሳይሆን ከወንዶቹ ጋር በሩ አጠገብ ተጨናንቀው ቆሙ። ባቡሩ ባግናን የሚባለው ጣቢያ ሊደርስ ተቃረበ። ኒታይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ያን ቀን አንቺም ነበርሽ?»

«የት?»

«ኩሬው ዳር።»

«ነበርኩ።»

«ስቀሽ ነበር?»

«አልሳቅሁም» አለች። «የሞትህ መስሎኝ ነበር።»

ባቡሩ ጣቢያ ላይ ቆሞ ሰው አራገፈና ተነሣ።

«ታዲያ መቼ ነው የሚያስቅ የሆነው?» አለ ኒታይ።

«እኔ እንጃ። ሲቆይ ይሆናል።»

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ፓሮሚታ የምትባል የፈረንጆቹ አስተርጓሚ በገበያው ሰው ጠቋሚነት ቤታቸው ድረስ መጣች። የፊልሙ ዳይሬክተር ኮልካታ መጥታለች፤ ቶሩላታና ባሏ በክብር እንግድነት ፊልሙን እንዲያዩ ጠርታቸዋለች። ሚቱ የሠርጓን ሳሪ ለእናቷ አዋሰች። ኒታይ ጫማ ተበደረ፤ ጠበበው።

አዳራሹ ቀዝቃዛ ነው፤ ወንበሩ ሰውን ይውጣል። ፊልሙ ረጅም ሆነባቸው። ንግግሩ ግማሹ በፈረንጅ አፍ ነው፣ ግማሹ በሂንዲ። ኒታይ መካከሉ ላይ አንቀላፋ። ገበያው ሲመጣ ቶሩላታ በክርኗ ነካችው። ሺፕራ ታየች፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል። ሃራዶን ታየ፣ ከጀርባው። ከዚያ ልጁ ድልድዩ ላይ ቆመ፣ ቁልቁል አየ፣ እሷም መጣች። ፊቷ ግድግዳውን ሞላው፤ አንድ ጥርሷ የሰው ቁመት ያህላል። ሳቋም አዳራሹን ሞላው። ጥርት ያለ፣ እንደ ደወል የሚያንቃጭል፣ ረጅም ሳቅ ነው። በዙሪያቸው ሰው አፍንጫውን ይስብ ጀመር።

«ይሄ ያንቺ ድምፅ አይደለም» አለ ኒታይ ጮክ ብሎ።

«ሽሽሽ!» አለ ከኋላ የተቀመጠ ሰው።

«አይደለም እኮ! የሚቱ እናት፣ ያንቺ አይደለም!»

«እንዴት አወቅህ?» አለች ቶሩላታ በሹክሹክታ። እሷ የራሷ ሳቅ ምን ድምፅ እንዳለው አታውቅም።

«አንቺ ስትስቂ ድምፅ የለሽም። ትከሻሽ ነው የሚስቀው።»

ቶሩላታ ከዚያ በኋላ ፊልሙን አላየችም። መብራቱ እስኪበራ ድረስ ከፊቷ ያለውን ወንበር ጀርባ ስታይ ቆየች። ይሄ ሰው ትከሻዬን መቼ ነው ያየው? ትላለች በልቧ።

ሲወጡ ዳይሬክተሯ መጣች። ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ረጅም፣ ነጭ ሴት ናት። ቶሩላታን እቅፍ አድርጋ ይዛ እንባዋ መጣ። አስተርጓሚዋ ፓሮሚታ ከጎን ሆና፣ «እናቴን ታስታውሺኛለሽ ትልሻለች። ዓለም ሁሉ በአንቺ ሳቅ አለቀሰ ትላለች» አለች።

ቶሩላታ እስክትለቃት ጠበቀች። ከዚያ፦ «እስቲ ጠይቂልኝ፤ ምን አይቼ ነው የሳቅሁት?»

ፓሮሚታ ተረጎመች። ዳይሬክተሯ እንባዋን እየጠረገች ፈገግ አለች፤ ከዚያ ፈገግታው እየከሰመ ሄደ።

«‹እኔ ደግሞ አንቺን ልጠይቅሽ ነበር› ትላለች። ካሜራው ድልድዩ ላይ ነበር፣ ሩቅ። ማን ከፊትሽ እንደነበረ አይታይም። እነሱም ያኔ እርስ በርስ ተጠያይቀው ነበር።»

«ድምፁስ?» አለ ኒታይ።

«ከሩቅ ስለሆነ ድምፅ አልተቀዳም። በኋላ አንዲት ተዋናይት ናት ስቱዲዮ ገብታ የሳቀችው።»

«አላልኩም!» አለ ኒታይ፤ ክርክር እንደረታ ሰው ደረቱን ነፋ።

ቶሩላታ ግን አልገባትም። ሳቁ የሌላ ሴት ከሆነ፣ እናትነቱ የልጁ ምኞት ከሆነ፣ ምን እንዳሳቃት የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ «ታዲያ እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አለች። ፓሮሚታ ይሄን እንዴት አድርጋ እንደምትተረጉም ቸግሯት ቆመች። በመጨረሻ ምን ብላ እንደነገረቻት አይታወቅም፤ ዳይሬክተሯ የቶሩላታን ሁለት እጅ ይዛ ቆየች።

«ተቆጥተሽ እንደሆነ ትጠይቅሻለች» አለች ፓሮሚታ።

ቶሩላታ አሰበች። «አይ፤ አልተቆጣሁም» አለች። «ግራ ገባኝ እንጂ።»

ከዚያ ወዲህ መደቧ ዘንድ የሚመጣው ሰው በዛ። ከተማ ያለው ሁሉ፣ ከሩቅ ሀገር የመጣውም፣ ስልኩን ይዞ ከፊቷ ይቆማል። አበባ የሚገዛ ጥቂቱ ነው። የቀረው እስክትስቅ ይጠብቃል። ሺፕራ ልትረዳቸው ብላ የማታውቀውን ቀልድ ሁሉ ትቀልዳለች፤ ቶሩላታ ግን ሰው አፏን አፏን እያየ ይባስ ትደርቃለች። ጠብቀው ጠብቀው ይሰለቻቸውና ይሄዳሉ። አንዳንዱ እንደተታለለ ሰው እያጉረመረመ ይሄዳል።

ኒታይ ገበያውን ለመደው። በሳምንት አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን፣ አብሯት ይመጣል። ከራምሱራት ጋር ትንባሆ ያኝካሉ፤ ከሃራዶን ጋር ስለ ዝናብ ይከራከራሉ። ጉንጉን መሥራትም ጀምሮ ነበር፤ ክሩ ይወሳሰብበታል፣ አበባው ይበተንበታል፣ ሺፕራ ትስቅበታለች።

የእንስት አምላኳ የዱርጋ በዓል ሲቃረብ፣ ገበያው መተላለፊያ ባጣበት አንድ ጧት፣ ወጣት ባልና ሚስት የሚመስሉ ሁለት ሰዎች መጥተው ከፊቷ ቆሙ። ልጅቷ ስልኳን እያየች፣ ቶሩላታን እያየች፣ እንደገና ስልኳን እያየች ቆየች።

«አይደለችም» አለች ለልጁ። «ያቺ ፊቷ ሌላ ነው። ይቺ ቁጡ ትመስላለች።»

«ጠይቂያቸው እስቲ።»

«ማሺ» አለች ልጅቷ በትህትና፣ የእናቷን እህት እንደምትጠራ ሁሉ፣ «ይሄ ፊልም ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት?»

ቶሩላታ ስልኩን ተቀብላ አየች። እጆቿን በአየር ላይ የዘረጋችውን ሴት፣ ፀሐይ ያረፈበትን ፊቷን፣ ጉትቻዋን አየች። ጊዜ ወስዳ አየች።

«አይ፣ እኔ አይደለሁም» አለች። «ያቺ ሀገሯ ገብታለች።»

«ትመለሳለች?»

«እሱን አልነገረችንም። አበባ ልስጥሽ?»

ልጅቷ ቅር እያላት ሁለት ጉንጉን ገዝታ ሄደች። ኒታይ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ጥርሱ መካከል ክር ነክሶ፣ ይሄን ሁሉ ይሰማ ነበር። ክሩን ከአፉ አወጣ።

«ለምን ዋሸሻቸው?»

«ዋሸሁ እንዴ?» አለች ቶሩላታ።

ከልቧ ነበር የጠየቀችው። ኒታይ አንድ አበባ አንሥቶ ክሩ ላይ ሰካ። አንድ ደንበኛ ከወዲያ በኩል «ይሄ ጉንጉን ስንት ነው?» ብሎ ጮኸ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ የተለያየ ዋጋ ጠሩለት።